ባርኔጣና ጥላ ፊልም ኗር አይሆንም

ጥያቄ፦ «የፊልም ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያዬ የ15 ደቂቃ አጭር ፊልም እየጻፍኩ ነው። ዘውጉን ፊልም ኖይር ለማድረግ ወስኛለሁ። ያሰብኩት በቀለም ቀርጬ ኤዲቲንግ ላይ ጥቁርና ነጭ ማድረግ ነው። አንድ መርማሪ አለ፤ ረጅም ካፖርትና ባርኔጣ ይለብሳል፣ ያጨሳል። ዝናብ ይዘንባል። አሳስታ ገደል የምትከተው ቆንጆ ሴት አለች። መምህሬ ስክሪፕቱን አንብቦ ‹ይሄ ልብስ ነው እንጂ ኗር አይደለም› አለኝ። ምን ማለቱ ነው? በእጄ ያለው አንድ ካሜራና ሁለት መብራት ነው። በዚህ መሥራት ይቻላል?»

ምላሽ፦

መምህርህ ልክ ነው። ሁለቱ መብራት ደግሞ ይበቃሃል። ችግሩ ያለው ስክሪፕቱ ላይ ስለሆነ አብዛኛውን የምናገረው ስለ እሱ ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እናስተካክል። ኖይር ሳይሆን ኗር ነው፤ ፈረንሳይኛ ነው፣ «ጥቁር» ማለት ነው። ተማሪዎቼ «ኗሪ» ከሚለው ጋር እያምታቱ ይስቁበታል። አሜሪካኖች የሠሩት ፊልም የፈረንሳይ ስም የያዘው እንዲህ ነው። ፈረንሳይ በጀርመን ተይዛ በነበረበት ጊዜ የአሜሪካ ፊልም ወደ ሲኒማ ቤቶቿ አይገባም ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ የዓመታት ክምችት በ1946 ክረምት በአንድ ጊዜ ጎረፈ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የጆን ሂውስተን «ዘ ማልቲዝ ፋልከን»፣ የኦቶ ፕሬሚንገር «ሎራ»፣ የኤድዋርድ ድሚትሪክ «መርደር ማይ ስዊት»፣ የቢሊ ዋይልደር «ደብል ኢንዴምኒቲ»። አሜሪካ ውስጥ ተራርቆ አንድ በአንድ ሲታይ ማንም ልብ ያላለው ነገር ፓሪስ ውስጥ በተከታታይ ሲታይ ቁልጭ አለ። የአሜሪካ ፊልም ጠቁሯል። ኒኖ ፍራንክ የተባለ ሃያሲ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ «ፊልም ኗር» ብሎ ጻፈ። ስሙ ተጣብቆ ቀረ።

ከዚህ ታሪክ የምትወስደው ነገር አለ። ፊልሞቹን የሠሩት ሰዎች «ዛሬ ኗር እንሥራ» ብለው አልተነሡም። ሆሊውድ ውስጥ የወንጀል ፊልም ወይም ሜሎድራማ ነበር የሚባሉት። ስሙ የመጣው ከኋላ ነው። ለዚህ ነው ዘውግ ነው፣ ስልት ነው፣ የዘመን መንፈስ ነው የሚለው ክርክር እስካሁን ያልበረደው። ሃያሲው ፖል ሽሬደር በ1972 በጻፈው ጽሑፍ ዘውግ አይደለም፣ በድምፀቱና በስሜቱ ነው የሚታወቀው ብሏል። ለፊልም ታሪክ ተመራማሪ ክርክሩ ይጠቅማል። ለአንተ ግን ብዙም አይረዳህም። ለሠሪ የሚረዳው ጥያቄ ሌላ ነው፦ እነዚህን ፊልሞች ከተራ የወንጀል ፊልም የለያቸው የታሪክ አካሄድ ምንድን ነው?

«ደብል ኢንዴምኒቲ»ን እንውሰድ። ፊልሙ ሲጀምር አንድ የኢንሹራንስ ሻጭ በሌሊት ቢሮው ይገባል፤ ቆስሏል። የድምፅ መቅረጫ አንሥቶ ይናዘዛል። ሰው የገደልኩት ለገንዘብና ለሴት ብዬ ነው፤ ገንዘቡንም ሴቲቱንም አላገኘሁም ይላል። በቃ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ገዳዩንም ምክንያቱንም ውጤቱንም አውቀሃል። የተለመደው የወንጀል ፊልም መጨረሻ ላይ የሚያወጣውን ሚስጥር ዋይልደር መግቢያው ላይ ጣለው። ታዲያ ቀሪውን ሰዓት ከግማሽ ምን እናያለን? አንድ ደህና ሰው፣ ብልጥ ሰው፣ እያወቀ እንዴት እንደገባበት ነው የምናየው። ማን አደረገው የሚለው ጥያቄ ቀርቶ መቼ መመለስ ይችል ነበር የሚለው ይመጣል።

ሌላ ምሳሌ፣ የዣክ ቱርነር «አውት ኦፍ ዘ ፓስት»፣ 1947። የግል መርማሪ አለ፤ ሮበርት ሚቸም ነው። ፍቅረኛዋን በጥይት መትታ 40,000 ዶላር ይዛ ጠፍታለች የተባለች ሴት እንዲፈልግ ይቀጠራል። አካፑልኮ ላይ ያገኛታል። ገንዘቡን አልወሰድኩም፣ ታምነኛለህ? ትለዋለች። የሱ መልስ ምንም ግድ የለኝም የሚል ነው። አላመናትም። አልተታለለም። ይህን ልብ በል፤ እውነቱን ማጣራት ሥራው የሆነ ሰው እውነቱን ማወቅ ያልፈለገባት ቅጽበት ናት። ፊልሙ በሙሉ ከዚያች ቅጽበት ነው የሚፈሰው።

አሁን ወደ ስክሪፕትህ። በጥያቄህ እንደገለጽከው መርማሪህ ወንጀሉን ከውጭ ሆኖ ይመረምራል፤ ከዚያ ሴትየዋ ታታልለዋለች። ይህ የተሸወደ ሰው ታሪክ ነው። የተሸወደ ሰው ያሳዝናል እንጂ ኗር አይሆንም። ኗር እንዲሆን የራሱ እጅ መኖር አለበት። አንድ ቦታ ላይ አውቆ ዓይኑን ይጨፍን። ትንሽ ነገር ትበቃለች፤ አንድ ፊርማ፣ አንድ ያልተመለሰ ስልክ፣ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ የተወሰደ ገንዘብ። መምህርህ «ልብስ ነው» ያለው ይህ ስለጎደለው ይመስለኛል።

ይህ ጨለማ ከየት መጣ? ብዙ ሰው ጦርነቱ ነው ብሎ ያልፈዋል። ጦርነቱ አለበት፤ ግን «ዘ ማልቲዝ ፋልከን» የወጣው በ1941 ጥቅምት ነው፣ አሜሪካ ጦርነት ውስጥ ከመግባቷ በፊት። ብዙዎቹ ታሪኮች የተቀዱት በ1920ዎቹና በ30ዎቹ ከተጻፉ ልብ ወለዶች ነው፤ ዳሺየል ሃሜት፣ ጄምስ ኬን፣ ሬይመንድ ቻንድለር። ሥዕሉን ደግሞ አብዛኞቹ ከናዚ የሸሹ የአውሮፓ ስደተኞች ይዘውት መጡ። ዋይልደር፣ ፍሪትዝ ላንግ፣ ሮበርት ሲኦድማክ፣ ኤድጋር ኡልመር በርሊን የሠሩ ናቸው፤ ፕሬሚንገር የቪየና ቴአትር ሰው ነበር። በርሊን ውስጥ በ1920ዎቹ ጥላን እንደ ተዋናይ የሚጠቀም የፊልም ባህል ነበር። ሀገር አልባ የሆነ ሰው ሎስ አንጀለስን ሲያይ ፀሐይና ዘንባባ ብቻ አይደለም የሚታየው። ይሄ የኔ ግምት ነው፤ ግን ፊልሞቹን ስታይ ግምቱ ሩቅ አይሆንብህም።

ከሁሉም ይልቅ ሰው የሚዘነጋው ሳንሱሩን ነው። ከ1934 ጀምሮ ሆሊውድ ውስጥ እያንዳንዱ ስክሪፕት በጆሴፍ ብሪን ቢሮ ያልፍ ነበር። ደንቡ ግልጽ ነው፦ ወንጀለኛ ሳይቀጣ አይቀርም፣ ዝሙት እንደ ትክክል አይታይም፣ ተመልካች ከወንጀሉ ጎን እንዲቆም አይደረግም። «ደብል ኢንዴምኒቲ» በ1935 ለስቱዲዮዎች ሲቀርብ ቢሮው አይሆንም አለ። ፊልሙ የወጣው በ1944 ነው። እንግዲህ አስበው፤ ጀግናህ መጨረሻ ላይ መውደቁ ግዴታ ከሆነ ተመልካቹም ይህን ያውቃል። ታዲያ ምን ታደርጋለህ? ውድቀቱን መጀመሪያ ላይ ታሳየዋለህ። ዕጣ ፈንታ ከሰው ራስ ላይ አይወርድም የሚለው ያ ከባድ ስሜት ግማሹ ከፍልስፍና ሳይሆን ከቢሮ ደንብ የተወለደ ነው። ወሲቡም እንዲሁ። ማሳየት ስለማይቻል ወደ ንግግሩ፣ ወደ ሲጋራው፣ ወደ በሩ መዘጋት ገባ። አንተ ግን ያ ሳንሱር የለብህም። ሲጋራውን ብቻ ከወሰድክ ምክንያቱን ትተህ ጭሱን ይዘሃል።

ሌላው ምክንያት ገንዘብ ነው፣ እዚህ ላይ አንተም አለህበት። በ1942 የአሜሪካ መንግሥት በጦርነቱ ምክንያት አንድ ፊልም ለዲኮር (ለቀረጻ ተብሎ ለሚሠራ ቤትና መንገድ) በአዲስ ቁሳቁስ ላይ ከ5,000 ዶላር በላይ እንዳያወጣ ገደበ። አሮጌ ዲኮር ደጋግሞ መጠቀም ግድ ሆነ። ጨለማ ደግሞ አሮጌ ዲኮር ይደብቃል። ኡልመር በ1945 «ዲቱር»ን የሠራው ከድሃዎቹ ስቱዲዮዎች በአንዱ ነው። ኒው ዮርክን መገንባት አቅም አልነበረውም። ምን አደረገ? ጉም ለቀቀበት። ሁለት ሰዎች በጉም ውስጥ ይሄዳሉ፣ ምልክት ያለው ምሰሶ ይታያል፣ አለቀ፤ ኒው ዮርክ ነው። ሁለት መብራት አለኝ ብለህ አንገትህን አትድፋ።

ጥቁርና ነጭ ስለማድረግ ደግሞ። ያኔ ጥቁርና ነጭ ውሳኔ አልነበረም፤ የዘመኑ ተራ ፊልም እሱ ነበር። የቀለም ኗርም አለ። «ሊቭ ኸር ቱ ሄቨን» በ1945 በቴክኒከለር ተሠርቶ የቀለም ሲኒማቶግራፊ ኦስካር ወስዷል፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሐይቅ ላይ፣ ከብዙ ጨለማ ፊልሞች የሚያስፈራ ትዕይንት አለው። ኤዲቲንግ ላይ ቀለሙን ማጥፋት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ለቀለም የተበጀ ትዕይንት ሲጠቁር ጭቃ ይሆናል። ቀይ ቀሚስና አረንጓዴ ግድግዳ በቀለም ሲታዩ ይለያያሉ፤ ቀለሙ ሲወጣ አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ጥቁርና ነጭ ከፈለግክ ካሜራህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሞኒተሩ ላይ ጥቁርና ነጭ እንዲያሳይህ አድርገው። ልብሱንም ግድግዳውንም በዚያ እያየህ ምረጥ።

መብራቱ ላይ ትልቁ ስሕተት ጨለማ ማለት መብራት መቀነስ ነው ብሎ ማሰብ ነው። አይደለም። ብርሃን የሌለበት ክፍል ቀርጸህ ብታየው ጥቁር አይሆንም፤ ግራጫና ነጠብጣብ ነው የሚሆነው። ጥቁር ጥቁር የሚመስለው አጠገቡ ደማቅ ነገር ሲኖር ነው። ኒኮላስ ሙሱራካ «አውት ኦፍ ዘ ፓስት»ን፣ ጆን አልተን ደግሞ «ዘ ቢግ ኮምቦ»ን ሲቀርጹ ጥቂት መብራት ተጠቀሙ፣ ግን ጠንካራ፣ ግን የት እንደሚያርፍ ተለክቶ። ዋናው መብራት በርቶ ጥላውን የሚያለሰልሰው ፊል ላይት ይቀነሳል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ስለዚህ ሶፍትቦክስ፣ ብርሃኑን የሚያለሰልሰው ሽፋን፣ ካለህ አውልቀው። የተሳለ ጥላ የሚሰጥህ ትንሽና ያልተሸፈነ አምፖል ነው። ጥላ የሚጥለው ነገር፣ የመስኮት ፍርግርግ ይሁን የወንበር ጀርባ፣ ወደ ግድግዳው በቀረበ ቁጥር ጥላው ይሳላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቤቶቻችን ብዙውን ጊዜ ነጭ ወይም ክሬም ቀለም የተቀቡ ናቸው። አንድ መብራት ስታበራ ግድግዳው ብርሃኑን መልሶ ይረጨውና ጥላህ ይሞታል። ካሜራ በማያየው ወገን ጥቁር ጨርቅ ስቀል፤ ብርድ ልብስም ይሆናል። ተዋናዩን ከግድግዳው ሁለት ሜትር ያህል አርቀው። ይህን ብቻ ብታደርግ ከሌላ ሁለት መብራት ይበልጥ ይጠቅምሃል።

ሌላው ማስጠንቀቂያ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ መጽሐፍ ላይ አታገኘውም። የጥንቶቹ ፊልሞች የመብራት ልክ የተለካው በነጭ ፊት ነው። ያንኑ ልክ ቀድተህ በጠይም ወይም በጥቁር ፊት ላይ ብትጥለው አይሠራም። እኔ ጀማሪ እያለሁ ይህን ያወቅኩት በውርደት ነው። ተዋናዩን ነጭ ሸሚዝ አስለብሼ፣ ከመጽሐፍ የቀዳሁትን መብራት አብርቼ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቀረጽን። ጠዋት ስናየው ሸሚዙ ቦግ ብሏል፣ ፊቱ የለም። መፍትሔው ብርሃን መጨመር ብቻ አይደለም። ጥቁር ቆዳ ብርሃኑን የሚመልሰው በወዙ ነው። መብራቱን ከፊት ለፊት አንሣና በጎን፣ ትንሽ ከኋላ አድርገው፤ ጉንጩና ግንባሩ ላይ መስመር ይሠራል። ሁለተኛውን መብራት ከጀርባው አድርገው፤ አለዚያ ጥቁር ፀጉር በጥቁር ግድግዳ ውስጥ ይሰምጣል። ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን) በፊቱ ለካ እንጂ በልብሱ አትለካ። ነጭ ሸሚዝ ደግሞ አታልብስ።

ስለ ሴቷ። «አሳስታ ገደል የምትከተው ቆንጆ ሴት» ብለህ ጽፈሃል። እንዲህ ያሉ ሴቶች በእርግጥ አሉ፣ «ደብል ኢንዴምኒቲ» ላይ ሴቲቱን ሆና የተጫወተችውን ባርባራ ስታንዊክን ያህል ያስፈራች ጥቂት ናት። ግን የኗር ግዴታ አይደለችም። በኒኮላስ ሬይ «ኢን ኤ ሎንሊ ፕሌስ»፣ 1950፣ አደገኛው ወንዱ ነው፤ የምትፈራው ሴቷ ናት፣ መፍራቷም ልክ ነው። አይዳ ሉፒኖ በ1953 ዳይሬክት ያደረገችው «ዘ ሂች ሃይከር» ሦስት ወንዶች መኪና ውስጥ ናቸው፤ አሳሳች ሴት የለችበትም። በጦርነቱ ጊዜ ፋብሪካ የገቡ ሴቶች የራሳቸውን ደሞዝ ማግኘት ሲጀምሩ የወንዱ ፍርሃት በእነዚያ ገጸ ባሕርያት ላይ ወጣ የሚሉ አሉ፣ እኔም እቀበለዋለሁ። ታዲያ ያንን የሌላ ሀገር፣ የሌላ ዘመን ፍርሃት ለምን ትበደራለህ? የምታቆያት ከሆነ የራሷ ፍላጎት ይኑራት። ምን እንደምትፈልግ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካልቻልክ ከስክሪፕቱ አውጣት።

ኗር ከአሜሪካ ወጥቶ የት እንደደረሰ ማየት ደግሞ ምርጫህን ያቀልልሃል። አኪራ ኩሮሳዋ በ1949 «ስትሬይ ዶግ»ን ሠራ። ወጣት ፖሊስ ሽጉጡ አውቶቡስ ውስጥ ይሰረቅበታል። በዚያ ሽጉጥ ሰው ይገደላል። ቶኪዮ በሙቀት ትቃጠላለች፤ ሁሉም ያልበዋል፣ ሁሉም ያራግባል። ካፖርት የለ፣ አሳሳች ሴት የለች። ነገር ግን ፖሊሱ የሚያሳድደው ሌባ እንደሱው ከጦር ግንባር የተመለሰ፣ እንደሱው ዕቃው የተሰረቀበት ሰው ነው። አንዱ ፖሊስ ሆነ፣ አንዱ ሌባ። እኔን ከጠየቅከኝ ካፖርት ካለባቸው ከግማሾቹ ይልቅ ይሄ ኗር ነው። ዣን ሉክ ጎዳር በ1960 በመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ላይ የ«ዘ ማልቲዝ ፋልከን»ን መሪ ተዋናይ ሃምፍሪ ቦጋርትን የሚኮርጅ ወሮበላ አቀረበ፤ መኮረጁን ራሱን የፊልሙ ጉዳይ አደረገው። «ቻይናታውን» በ1974 ሎስ አንጀለስን በድርቅና በጠራራ ፀሐይ አሳየን፤ ወንጀሉ የውኃ ወንጀል ነው። «ብሌድ ራነር» በ1982 ዝናቡንም ጥላውንም ወደ መጪው ዘመን ወሰደው። ከነዚህ የተሳካላቸው ሁሉ ከቀድሞዎቹ የወሰዱት ወጥመዱን ነው። አየሩን ከየሀገራቸው አመጡ።

እንግዲህ ሦስት መንገድ አለህ። አንደኛው የ1940ዎቹን አሜሪካ አስመስሎ መሥራት ነው፣ አሁን የያዝከው ማለት ነው። መኪና፣ ልብስ፣ ስልክ፣ የመንገድ መብራት፣ ሁሉም ያንን ዘመን መምሰል አለበት። በተማሪ ገንዘብ አይሆንም፤ ቢሆንም ድራማ ሳይሆን ቀልድ የመምሰል አደጋ አለው። ሁለተኛው ስልቱን ብቻ ወስዶ ዛሬ ላይ ማድረግ ነው፤ መልኩ ያምራል፣ ታሪኩ ደካማ ከሆነ ግን የሙዚቃ ክሊፕ ይሆናል። ሦስተኛው ወጥመዱን ወስዶ መልኩን ከታሪኩ እንዲወጣ መተው ነው።

ሦስተኛውን ሥራ። መርማሪውን ተወው። ምናልባት ቀላል ሥራ ያለው ሰው አድርገው፤ ገንዘብ ተቀባይ፣ የመድን ሠራተኛ፣ የመጋዘን ጠባቂ። ከሥራው ጋር የተያያዘ አንድ ነገር እያወቀ ያጥፋ። 15 ደቂቃ አንድ ስሕተት፣ አንድ የመመለሻ ዕድልና አንድ ውጤት ብቻ ነው የሚችለው። ሁለት ክህደት፣ ሦስት ሬሳ አትጨምርበት። ከኋላ የሚተርክ ድምፅ ከፈለግክ አስገባ፣ ግን የምናየውን አይድገምልን፤ ያኔ ለራሱ የዋሸውን ይንገረን።

ከመጻፍህ በፊት ሦስት ፊልም እይ፦ «ደብል ኢንዴምኒቲ»፣ «አውት ኦፍ ዘ ፓስት»፣ «ስትሬይ ዶግ»። «ዲቱር»ን ከጨመርክ ደግሞ ተጠንቀቅ። አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብት ስለሌለበት ኢንተርኔቱ በደበዘዘ ቅጂ ተሞልቷል። በ2018 የታደሰውን ፈልግ። ከደበዘዘ ቅጂ መብራት የተማረ ሰው ኗር ማለት ጭጋግ ይመስለዋል።

መጨረሻው ላይ ከተቸገርክ ዋይልደር ያደረገውን አስታውስ። ጀግናው በጋዝ ሲገደል የሚያሳይ ትዕይንት ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ቀርጾ ነበር። ኤዲቲንግ ላይ ቆረጠው። የኢንሹራንስ ሻጩ በሩ ላይ ወድቋል፣ የሥራ ባልደረባው አጠገቡ ተንበርክኮ ሲጋራ ይለኩስለታል፤ ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል። ስክሪፕትህን እንደገና ስትጽፍ የመጨረሻዋን ገጽ ሸፍነህ አንብበው። ካልጎደለው እሷን ገጽ ጣላት።